ሰፈራችን ለምግብ ቤት እንጂ ለገላ ገበያ ቦታ የለውም



በአስፋልቱ በኩል ባለው ብሎክ ሥር የሚገኙት ሦስት የንግድ ቤቶች አንድ ላይ ተቀላቅለው ምግብና መጠጥ ቤት ሊከፈትባቸው እንደሆነ ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ ጉዳይ በበር ላይም፣ በቡና ላይም፣ በእድር ላይም ብዙ እየተወራ ነው። አንዱ «ሥልጣኔ መጣ» ይላል፤ ሌላው «ሰፈሩ አለቀለት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኛን ምን አገባን» ብሎ ያልፋል። በወሬ ላይ ወሬ ከሚጨመር፣ የማኅበሩን አቋም በግልጽ ጽፈን በዚህ ሰሌዳ ላይ ብንለጥፈው ይሻላል ብለናል።

የቤቱን ስም እዚህ አንጽፍም። ፈርተን አይደለም። በከተማችን ሌሎች ቅርንጫፎችም ስላሉት ስሙን ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ሰሌዳ በአባላት መዋጮ የተሠራ ስለሆነ ለማንም ነጋዴ የነጻ ማስታወቂያ አይሆንም።

አቋማችን ባጭሩ ይህ ነው። ምግብ ቤት ይከፈት፤ ይጥበስ፣ ይቀቀል፣ ይሸጥ፤ ለሰውም ሥራ ይስጥ። ነገር ግን የሴት ልጅን ገላ እንደ ማባያ ከሳህኑ ጎን አቅርቦ የሚነግድ ቤት ከመኖሪያችን ሥር እንዳይከፈት እንቃወማለን። የምንቃወመውም ነጋዴውንና አሠራሩን ነው፤ እዚያ ሊቀጠሩ የሚመጡትን ልጆች አይደለም። ይህንን ልዩነት ያልያዘ ሰው ፊርማ ከማኖሩ በፊት ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ሸራውና ወረቀቱ ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሸራ እንመልከት። ሸራው ላይ ያለችው ሴት ከአንገቷ በላይ ተቆርጣለች፤ ፊት የላትም። የምትታየው ከደረቷ እስከ ጭኗ ብቻ ነው። የምግብ ቤት ሸራ ነው ተብሎ ቢፈለግ ቢፈለግ አንድ ሳህን፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ የለበትም።

ቀጥሎ በመብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የቅጥር ማስታወቂያ አንብቡት። ለወጥ ቤት ሠራተኛ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ለሒሳብ ሠራተኛ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። ለጥበቃ ተያዥ ይጠይቃል። ለአስተናጋጅ ግን የጠየቀው ሌላ ነው፦ ሴት፣ ዕድሜዋ ከ18 እስከ 25 የሆነ፣ ቁመናዋ ያማረ፣ ሙሉ ቁመቷን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የምታቀርብ፣ ቤቱ የሚሰጣትን ልብስ ለመልበስ ፈቃደኛ የሆነች። ትሪ ይዛ ታውቃለች ወይ? ሒሳብ ሳታሳስት ትመልሳለች ወይ? ስለ ንጽሕና ሠልጥናለች ወይ? ይህ ሁሉ አልተጠየቀም። እንግዲህ ሰው መስፈርት የሚያወጣው ለሚገዛው ነገር ነው። በሬ የሚገዛ ጥርሱን ያያል። ይህ ነጋዴ ምን እየገዛ እንደሆነ መስፈርቱ ራሱ ነግሮናል።

በሌሎች ቅርንጫፎቹ እንደታየው ልብሱ እጅግ አጭር ቁምጣና ከሰውነት ጋር የተጣበቀ ካናቴራ ነው። እዚያው ቤት የሚሠሩት ወንዶች ግን ሱሪና ሸሚዝ ለብሰዋል። ምክንያቱ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ወንዱንም በሞቀው ነበር!

ይህ አሠራር ከየት መጣ?

ነጋዴው አዲስ ነገር የፈለሰፈ አስመስሎ ያወራል፤ ነገሩ ግን ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተር በምትባል ከተማ ስድስት ሰዎች ተባብረው «ሁተርስ» የሚባል ምግብ ቤት አቋቋሙ። የሚሸጠው የተጠበሰ የዶሮ ክንፍና ቢራ ነው፤ የታወቀው ግን በአስተናጋጆቹ ቁምጣ ነው። ምልክቱ ጉጉት ናት፤ ስሙ ግን በአገሩ የመንገድ ቋንቋ የሴት ጡት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ብዙ ነጋዴ ይህንኑ ቀድቷል። ወደ እኛ ሰፈር የመጣው ቤት የራሱ ስም ቢኖረውም መንገዱ ያው ነው፤ ስለዚህ የዋናውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል።

ንግዱ ምን እንደሆነ ያ ኩባንያ በራሱ አፍ መስክሯል። ለአስተናጋጅነት አመልክተው «ወንድ ናችሁ» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ከሰሱት። ኩባንያውም የሴቶቹ ማራኪነት የንግዱ ዋና ነገር ስለሆነ ወንድ ሊተካቸው አይችልም ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1997 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ክሱ አለቀ። ለወንዶች ሌላ የሥራ ቦታ ከፈተላቸው፤ ያንን ልብስ ለብሶ የማስተናገዱን ሥራ ግን ለሴቶች ብቻ አስቀረው። እንግዲህ «እኛ ምግብ ነው የምንሸጠው» የሚለው አነጋገር በባለቤቶቹ ቃል ፈርሷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሠራተኞቹ መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት ተቀጣሪዋ ሥራው በሴት ማራኪነት ላይ የቆመ መሆኑን፣ በሥራ ቦታዋም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ቀልድና አሽሙር የተለመደ መሆኑን ማወቋን በፊርማዋ እንድታረጋግጥ ይደረግ ነበር። ልብ በሉ! ስድቡ ከመምጣቱ በፊት ደረሰኙ ተፈርሟል።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ፤ ዋናው ወጥመድ ያለው እዚያ ነውና። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ እንዲከፍል የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ለሌላው ሠራተኛ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ጉድለቱ ከደንበኛው ቲፕ ይሞላል ተብሎ የተሠራ ሒሳብ ነው። በእኛም አገር አስተናጋጅ ከደመወዟ ይልቅ በቲፕ እንደምትኖር የሠራበት ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ የዕለት እንጀራዋ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ያለ ልጅ፣ ደንበኛው ወገቧን ሲይዛት ምን ልትል ነው? «ተው» ካለች ቲፑ ይቀራል። ደጋግማ «ተው» ካለች ሥራው ራሱ ይቀራል። ዝም ካለች ደግሞ ሰው «ወዳ ነው» ይላል። በሦስቱም በኩል የምትከስረው እርሷ ናት፤ በሦስቱም በኩል የሚያተርፈው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን የቁምጣ ማጠር ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በደሉ ያለው ልጅቷ መቆጣት እንዳትችል ተደርጎ በተዘረጋው አከፋፈል ውስጥ ነው።

ያ ኩባንያ ደግሞ የት እንደደረሰ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መጨረሻ ላይ ወደ 376 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክሞ የኪሣራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ። ንግዱን መልሶ የተረከበው የመጀመሪያዎቹ መሥራቾች ቡድንም የቢኪኒ ምሽት የሚባለውን እናስቀራለን፣ ቤቱንም ለቤተሰብ የሚሆን እናደርገዋለን ብሎ አስታወቀ። ጀማሪዎቹ ከአርባ ዓመት በኋላ ሊያለዝቡት የተነሡትን ነገር እኛ ሰፈር ላይ «አዲስ ሥልጣኔ» ብሎ ማራገፍ ምን ይባላል?

ልጆቹን አትንኩ

እዚህ ላይ ለራሳችን ሰዎችም የምንለው አለን። ሰሞኑን ፎቶግራፍ ይዘው ለመመዝገብ የመጡትን ልጆች አንዳንድ ነዋሪዎች ሲሰድቧቸው፣ «ከበር እንመልሳቸው» ሲሉ ተሰምቷል። ማኅበሩ ይህንን አጥብቆ ያወግዛል።

እነዚህ ልጆች የማን ናቸው? 12ኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ በዘመድ ቤት የተጠጋች፣ የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍን ልጅ ናት። ከእኛው ግቢም አለችበት። ሥራ ፍለጋ ወጣች እንጂ ምን አጠፋች? በድህነቷ የሚነግድ ነጋዴ አንድ በደል ነው፤ ያንኑ ድህነቷን እንደ ነውር የሚቆጥርባት ጎረቤት ሁለተኛ በደል ነው። ልጅቷን ሰድቦ ባለቤቱን «ጌታዬ» የሚል ሰው ለሰፈሩ ክብር ተቆረቆረ አይባልም።

ለአባወራዎችና ለወጣት ወንዶችም አንድ ቃል። ያ ሸራ የተሰቀለው የወንዱን ዓይን አይቶ ነው። ቀን ቀን «ሰፈሩ ተበላሸ» እያለ የሚጮኸው፣ ማታ በሌላው ቅርንጫፍ ጠረጴዛ ይዞ ከተገኘ ፊርማው ምን ዋጋ አለው? ገዢ የሌለው ዕቃ ገበያ አይወጣም።

ለሚቀርቡት ምክንያቶች መልስ

«ሥራ ይፈጥራል» ይባላል። ሥራ መፈጠሩ እውነት ነው። ሆኖም ሱሪና ሸሚዝ ለብሳ ብታስተናግድ ሥራው ይጠፋል እንዴ? ምግቡ ጣፋጭ ከሆነ ሰው ይመጣል። ካልሆነ ደግሞ የሚሸጠው ምግብ አልነበረም። ደግሞስ ከ25 ዓመት በላይ አይቀጠርም ከተባለ፣ ልጅቷ 26 ሲሞላት ምን ልትሆን ነው? ወጥ ቤት የገባ ሰው በአምስት ዓመት ባለሙያ ይሆናል። እርሷ ግን በአምስት ዓመት «አረጀች» ተብላ ትሸኛለች።

«ቤቱ የግል ንብረት ነው፣ ኪራዩም ጥሩ ነው» ይባላል። የንግድ ቤቱ የግል መሆኑን አልካድንም። ይሁን እንጂ የምንኖረው በጋራ ሕንፃ ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ቤት ያለው ሁሉ የማኅበሩ አባል ነው፤ በመተዳደሪያ ደንቡም ይገዛል። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው የጋራ ነው። የቆሻሻ ውኃው የሚወርደው በጋራ ቱቦ ነው። ሙዚቃው የሚያናውጠው ከላይ የተኛውን ሕፃን ነው። የኪራዩን ገንዘብ አንድ ሰው እየተቀበለ ጣጣውን ሁላችን የምንከፍልበት ሒሳብ የትም አገር የለም።

«ካልፈለጋችሁ አትግቡ» ይባላል። አለመግባት እንችላለን፤ አለማለፍ ግን አንችልም። በሩ የእኛ መውጫና መግቢያ ነው። ልጆቻችን ለትምህርት የሚሻገሩት በዚያው ነው። ከማታ ትምህርትና ከሥራ የሚመለሱ ሴቶች ልጆቻችን ሞቅ ያለው ሰው ቆሞ በሚያጨስበት ደጃፍ ነው የሚያልፉት። ውስጥ ሴትን እንደ ዕቃ ሲያይ ያመሸ ሰው፣ ሲወጣ ያንን ዓይኑን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጥሎት አይወጣም።

«ድሮስ ጠጅ ቤትና ቡና ቤት አልነበረም ወይ?» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ነበረ። እዚያም ብዙ ሴት ተበድላለች፤ የቆየ በደል ግን ለአዲሱ ፈቃድ አይሆንም። ይልቁንም የአሁኑ የሚለየው በደሉ በዩኒፎርምና በውል ተጽፎ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚባዛ መሆኑ ነው።

በምን እንከራከር?

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። ወረዳ ሄደን «ነውር ነው!» ብለን ብቻ ብንጮኽ ሰምተውን ይሸኙናል። ከሌላው አገር እንማር። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሁተርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሊከፈት ሲል ነዋሪዎችና የሴቶች መብት ተሟጋቾች ተቃወሙ። ቢሆንም ፈቃዱ ተሰጠ፣ ቤቱም ተከፈተ። የአገሩ የመጠጥ ፈቃድ ሕግ የሚመለከተው አራት ነገሮችን ነው፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም የሚነሳ ሁኔታን መከላከል፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ሴትን ማዋረድ የሚል ቃል ከአራቱ ውስጥ የለም። ቤቱ በ2012 የተዘጋው ያስተዳድረው የነበረው ድርጅት በገንዘብ ወድቆ ነው። ከዚህ የምንማረው ባለሥልጣን ሊሰማው ግዴታ ያለበትን ምክንያት ይዞ መሄድን ነው።

እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ማንበብ ግን እንችላለን። ያነበብነውም ይህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን የመልቀቅ መብት አላት። ዕድሜው 18 ያልሞላውን ወጣት ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ አሠሪም ሠራተኛም አይደለም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ስለሆነ በጽሑፍ ግዴታ እንዲሞላ እንጠይቃለን።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ልጆች በሚያልፉበት በር ላይ ይህ እንዴት እንደሚጠበቅ ባለቤቱ ያስረዳን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የሴቶች መብት፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናት መብት ተጽፏል። ተሰብስበን አቤት የማለት መብታችንም በአንቀጽ 30 ተረጋግጧል። ስለዚህ ማንም «ለምን ተሰበሰባችሁ» ሊለን አይችልም።

የምንጠይቀው

1ኛ/ ከበሩ በላይ ያለው ሸራ አሁኑኑ እንዲወርድ፤

2ኛ/ የአስተናጋጆች ልብስ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ዓይነትና ለሥራ የሚመች እንዲሆን፣ ከቅጥር መስፈርቱም ፎቶግራፍና ቁመና እንዲወጡ፤

3ኛ/ አስተናጋጅ በቲፕ ብቻ እንዳትኖር የታወቀ የወር ደመወዝ በጽሑፍ ውል እንዲሰጣት፤ እጁን ያነሣባትን ደንበኛ ላለማስተናገድ መብት እንዲኖራት፣ ቤቱም ያንን ደንበኛ እንዲያስወጣ፤

4ኛ/ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ከቤቱ ውጭ እንዳይሰማ፣ ግድግዳ የማፍረሱ ሥራም ያለ ማኅበሩ ዕውቀትና ያለ ሕጋዊ ፈቃድ እንዳይቀጥል፤

5ኛ/ እነዚህ ካልተሟሉ የወረዳው የንግድ፣ የሴቶችና የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ደንብ ማስከበርም ጭምር ቦታው ድረስ መጥተው እንዲመረምሩና ፈቃዱን እንዲያግዱ።

ባለቤቱ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉትን ፈርሞ ቢቀበል እኛ ራሳችን በመክፈቻው ቀን ሄደን ምሳ እንበላለን። ካልተቀበለ ግን የሚሸጠው ምግብ አለመሆኑን አመነ ማለት ነው።

የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በኮሙናሉ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ባለ ንግድ ቤቱም፣ ተከራዩም በደብዳቤ ተጠርተዋል፤ መጥተው ይናገሩ፣ እኛም እናዳምጣለን። ሊቀጠሩ የተመዘገቡት ልጆችም እንዲመጡና ሐሳባቸውን እንዲሰጡ እንጋብዛለን። ማንም ቃል እንዳይወረውርባቸው ማኅበሩ ኃላፊነቱን ይወስዳል። የፊርማው መዝገብ ከጥበቃው ቤት ይገኛል፤ መጻፍ የማይችል አሻራውን ያኖራል። ተከራይ ሆነ ባለቤት ልዩነት የለም፤ እዚህ የሚኖር ሁሉ ጉዳዩ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ውሉም ገና አልተፈረመም፤ ልጆቹም ገና ያንን ልብስ አልለበሱም። ከተከፈተ በኋላ የምናሰማው ጩኸት ዛሬ ከምናኖረው አንድ ፊርማ ያነሰ ዋጋ አለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ እሑድ አትቅሩ።

የነዋሪዎች ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጸሐፊ